ከኦቶክሌቭ የወጣ ሁሉ አልጸዳም፦ የላቦራቶሪ ብርጭቆን ከኢንዛይም የማጽዳት ዝርዝር መመሪያ

ያወጣሁት አርኤንኤ (ሕዋስ ውስጥ የዘር መልእክት የሚያደርስ ሞለኪውል) ደህና መሆኑን የማይበትን ጄል ለሦስተኛ ጊዜ መብራቱ ላይ ሳስቀምጠው ያው ነው። ሁለት ጥርት ያሉ መስመሮች መታየት ነበረባቸው። የታየኝ ግን እንደ ጭስ ወደ ታች የተዘረጋ ደብዛዛ ነገር ብቻ ነው። አርኤንኤው ተበጣጥሶ አልቋል። መጀመሪያ የማውጫ ኪቱን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ናሙናው ከመተማ ሲመጣ መንገድ ላይ ሞቆ ይሆናል አልኩ፣ ከዚያ የራሴን እጅ ጠረጠርኩ፤ እንዲህ እያልኩ ሁለት ሳምንት ካቃጠልኩ በኋላ ጥፋቱ የተገኘው ከንጹሕ ዕቃዎች ጋር ተደርድራ ከቆየች አንዲት ባለ 500 ሚሊ ሊትር የመለኪያ ሲሊንደር ነው።

ከእኛ በፊት በዚያ ክፍል የሠሩ ተማሪዎች ፕላዝሚድ (ክብ የባክቴሪያ ዲኤንኤ) ሲያወጡ ቡፈራቸውን (የአሲድነት ልኩን የሚጠብቅ ፈሳሽ) የሚለኩት በእሷ ነበር። በፕላዝሚድ ማውጫው የመጀመሪያ ቡፈር ውስጥ ደግሞ ሆን ተብሎ አርኤንኤን የሚቆርጥ ኢንዛይም፣ አርኤንኤዝ ኤ፣ ይጨመራል። የተለመደው መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ነው፤ ብዙ ነው። ሲሊንደሯ በሳሙና ታጥባለች። ኦቶክሌቭም (በግፊት ባለ ትኩስ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ገብታ ወጥታለች። ለዓይን ታበራለች። ኢንዛይሙ ግን አልለቀቃትም።

ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ከተከፈተበት ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። ላቦራቶሪ ዕቃ በየዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ዛሬ እናንተ የያዛችሁት ቢከር ዓምና ማን ምን እንደሠራበት አታውቁም። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጽፈው እኔ ያቃጠልኩትን ሁለት ሳምንት እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

መጀመሪያ ጠላታችሁን እወቁት

ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው ኢንዛይም ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ብቅሉ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የእህሉን ስታርች ቆርጦ ስኳር ያደርገዋል፤ እርሾው የሚበላው ያንን ነው። ጥቂት ብቅል ብዙ እህል ይለውጣል። ምክንያቱም ኢንዛይም ሥራውን ሠርቶ አያልቅም፤ አንዱን ቆርጦ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ብርጭቆ ላይ የቀረች ለዓይን የማትታይ ቅሪት ሙሉ ናሙና የምታበላሸው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ሕይወት የለውም። ስለዚህ «መግደል» የሚለው አነጋገር ራሱ ያሳስታል። ባክቴሪያ ይገደላል። ኢንዛይም ግን ወይ ታጥቦ ይወገዳል፣ ወይ ተመልሶ እንዳይጠገን ቅርጹ ይፈርሳል። ኦቶክሌቭ የተሠራው ለመግደል ነው። ማፍረስ ሌላ ሥራ ነው።

ሁሉም ኢንዛይም እኩል አያስቸግርም። ዲኤንኤን የሚቆርጠው ዲኤንኤዝ ለመሥራት ማግኒዥየምና ካልሲየም ይፈልጋል፤ ኢዲቲኤ የሚባለው ኬሚካል ብረቶቹን ሲይዝበት ይቆማል፣ ደህና የሠራ ኦቶክሌቭም ያፈርሰዋል። ትሪፕሲንና መሰል ፕሮቲን ቆራጮችም በትኩስ ሳሙናና በእንፋሎት ይሸነፋሉ። አሚሌዝ ምራቅ ውስጥ አለ። ብርጭቆ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያወራ ሰው ሳያውቀው ይጨምርበታል፤ እሱም ቢሆን በሙቀት አያስቸግርም።

የሁሉም አስቸጋሪ አርኤንኤዝ ኤ ነው። ትንሽ ፕሮቲን ነው፣ 124 አሚኖ አሲድ ብቻ። ግን አራት የድኝ ድልድዮች ወጥረው ይዘውታል። ለመሥራት ምንም ብረት አይፈልግም፤ ስለዚህ ኢዲቲኤ ብቻውን አያቆመውም። ብታፈሉት ይዘረጋል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠቀለልና ሥራውን ይቀጥላል። ክርስቲያን አንፊንሰን በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ የሆነው በዚሁ ኢንዛይም ነው። የተዘረጋ አርኤንኤዝ ራሱን በራሱ መልሶ እንደሚያጣጥፍ በማሳየት። ለሳይንስ ትልቅ ግኝት ነው፤ ብርጭቆ ለሚያጥብ ሰው ደግሞ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከእኛው። ከጣት፣ ከላብ፣ ከምራቅ፣ ከፀጉር፣ ከአቧራ። ቀሪው እንደኔ ሲሊንደር ከቀድሞ ሥራ ነው።

የጎንደር ከፍታ የሚያመጣው ችግር

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ከውጭ የመጡ መመሪያዎች የተጻፉት በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚሠራ ሰው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ «በ100 ዲግሪ አፍሉ» የሚል መመሪያ ክፍት ዕቃ ላይ ጎንደር ውስጥ አይፈጸምም። ምድጃውን ብትጨምሩም ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይበልጥም።

ኦቶክሌቩም ያው ነው፣ በተለይ በግፊት መለኪያ ብቻ የሚሠራው የድስት ዓይነት። መጽሐፉ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ማለት 121 ዲግሪ ነው ይላችኋል። መለኪያው የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የጎንደር የውጭ አየር ደግሞ ከባሕር ጠለሉ 3 ፒኤስአይ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ መርፌው 15 ላይ ሲቆም ውስጡ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ 121 ለመድረስ 18 ፒኤስአይ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ያስፈልጋል።

ይህን ስላልኩ ግን ቫልቩን ልትነካኩ አትነሡ! መጀመሪያ የማሽኑን መመሪያና ቀዩን መስመር አንብቡ። ማሽኑ 18 የማይፈቅድ ከሆነ ግፊቱን ተዉትና ሰዓቱን አርዝሙ። በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ የሚበቃው ጀርም የመግደል ሥራ በ117 ዲግሪ ወደ 40 ደቂቃ ይፈልጋል። የሙቀት ዳሳሽ ያለው ዘመናዊ ኦቶክሌቭ ካላችሁ ይህ አያሳስባችሁም፤ እሱ የሚጠብቀው ዲግሪውን ነው።

ለአርኤንኤዝ ግን 121ም ቢደርስ ኦቶክሌቭ አይታመንም። የሚታመነው ደረቅ ኦቨን ነው። ደረቅ ኦቨን ከፍታ አያግደውም። ጎንደርም ሆነ ጅቡቲ 240 ዲግሪ ያው 240 ዲግሪ ነው።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን ለዩ

ከማጠባችሁ በፊት ዕቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ በሦስት ክምር ለዩዋቸው።

አንደኛው ክምር ኦቨን የሚችል ነው፦ የቦሮሲሊኬት (ሙቀት የሚችል ብርጭቆ) ቢከር፣ ፍላስክ፣ ጠርሙስ፣ የብርጭቆ ፒፔት፣ የብረት ማንኪያ። ሁለተኛው ብርጭቆ ሆኖ ኦቨን የማይገባው ነው፦ ቮሉሜትሪክ ፍላስክ፣ ሲሊንደርና ሌላም ልኩ የተመሠከረለት ዕቃ። ከፍተኛ ሙቀት ልኩን ሊያዛባው ይችላል፣ ስለዚህ በኬሚካል ነው የሚታከመው። ሦስተኛው ፕላስቲክ ነው፤ ክዳን፣ የጄል ገንዳ፣ ማበጠሪያ (ጄሉ ላይ የናሙና ጉድጓድ የሚያወጣው)።

ክዳኖችን በደንብ አስተውሉ። ሰማያዊው የጠርሙስ ክዳንና አፉ ላይ ያለው ሰማያዊ ቀለበት ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ የሚችለው እስከ 140 ዲግሪ ነው። ረስታችሁት 240 ላይ ከገባ ቀልጦ ጠርሙሱ ላይ ይጋገራል፣ ኦቨኑንም ያበላሻል። ቀለበቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፕላስተርና የእስክሪብቶ ጽሑፍም አስቀድሞ ይነሣ፤ ከተጋገረ በኋላ አይለቅም።

የተሰነጠቀ፣ አፉ የተሸረፈ፣ ውስጡ የተጫጫረ ብርጭቆ ካለ ለአርኤንኤ ሥራ አታስቡት። ጭረት ውስጥ የገባ ቆሻሻ ብሩሽ አያወጣውም።

ደረጃ 2፦ ሳይደርቅ እጠቡ

ከእጥበቱ ሁሉ የሚበልጠው ሥራ ዕቃው በተጠቀማችሁበት ደቂቃ የሚሠራው ነው። ፕሮቲን ከደረቀ ይጣበቃል። ከተጣበቀ በኋላ ኦቨን ውስጥ ብትጨምሩት ይጋገራል፣ ቡኒ እድፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሥራ ስትጨርሱ ወዲያው በውሃ አለቅልቃችሁ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፉት። ለምሳ ልወጣና ስመለስ አጥበዋለሁ የሚባለው ነው ዕቃ የሚያጠፋው።

የመጀመሪያው ማለቅለቂያ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ ይሁን። እንቁላል ያለበትን ሳህን በፈላ ውሃ ያጠበ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ደም፣ ሴረም፣ የተራባ ባክቴሪያ (ካልቸር) ከነበረበት ደግሞ መጀመሪያ ጀርሙ ይገደል፤ ያ የደህንነት ጉዳይ ነው፣ ከኢንዛይሙ ይቀድማል።

በሠራሁበት ክፍል የዕቃ እጥበት ላይ የነበሩ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቀን ስለ ኢንዛይም ሳወራላቸው ሰሙኝና «ልጄ፣ ጋን እኮ እንዲሁ ነው» አሉኝ። «በግራዋ ፈትገህ፣ አለቅልቀህ፣ በወይራ ካላጠንከው ያለፈው ጠላ አዲሱን ያበላሸዋል። ሳታጥብ ብታጥነው ግን ምን ዋጋ አለው?» ትክክል ናቸው። እጥበት ይቀድማል፣ ሙቀት ይከተላል። ኦቨን እጥበትን አይተካም።

ደረጃ 3፦ በሳሙና መዘፍዘፍ

የላቦራቶሪ ሳሙና ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ከሌለ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይሠራል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ሆን ተብሎ ፕሮቲን፣ ስታርችና ስብ የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ተጨምረዋል። እድፍ የሚያስለቅቁት እነሱ ናቸው። ለሸሚዝ ጥሩ ነው። ኢንዛይም ለምትለኩበት ቴስት ቲዩብ ግን ካጸዳችሁት በላይ መጨመር ነው። የላይፔዝ ወይም የአሚሌዝ ምርመራ ያለምክንያት ከፍ ብሎ ካስቸገራችሁ የሳሙናውን ካርቶን አዙራችሁ አንብቡ። ፎስፌት የምትለኩም እንዲሁ፤ ፎስፌት ያለበት ሳሙና ውጤታችሁን ያዛባዋል።

ሳሙናውን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሞቀ ውሃ በጥብጡት። ዕቃው ሙሉ በሙሉ ይጠመቅ፣ ውስጡ የአየር አረፋ አይቅር። አንድ ሰዓት ይበቃል፣ የቆየ እድፍ ከሆነ ይደር። ከዚያ በብሩሽ ፈትጉ። የብሩሹ ጫፍ ሽቦው የወጣ ከሆነ ጣሉት፤ ብርጭቆ ይጭራል። ለአርኤንኤ ዕቃ የራሱ ብሩሽ ይኑረው። ፕላዝሚድ ያጠባችሁበትን ብሩሽ እዚህ ካስገባችሁ ከዜሮ ጀመራችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ማለቅለቅ፣ ከውሃ እጥረት ጋር

ከቧንቧ ሰባት ጊዜ፣ በዲስቲልድ ውሃ ሦስት ጊዜ። ልማዱ ይህ ነው። እያንዳንዱ ጊዜ ዕቃውን ሞልታችሁ ሙሉ በሙሉ ድፉት፤ ትንሽ ውሃ ጨምሮ ማወዛወዝ አይቆጠርም።

ጎንደር ውስጥ ግን ቧንቧው ሁልጊዜ አይመጣም፣ ሁላችንም በሮቶና በጀሪካን ነው የምንሠራው። ስለዚህ ውሃውን እንዲህ ከፋፍሉት። ለብዙ ቀን የቆመ የጀሪካን ውሃ ግድግዳው ላይ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ያበቅላል። ያ ሽፋን ባክቴሪያ ነው፣ ባክቴሪያ ደግሞ የራሱ አርኤንኤዝ አለው። ይህን ውሃ ለመጀመሪያው እድፍ ማስለቀቂያና ለሳሙናው ብቻ ተጠቀሙበት። አዲስ የመጣውን ለማለቅለቂያ አስቀምጡ። ዲስቲልዱን ለመጨረሻ። የውሃ እጥረት በጣም ከበረታ የቧንቧውን ሰባት ወደ አራት አውርዱት፣ ዲስቲልዱን ግን ከሦስት አትቀንሱ።

ዕቃው መጽዳቱን እንዴት ታያላችሁ? ውሃ ሞልታችሁ ድፉትና ግድግዳውን ተመልከቱ። ውሃው እንደ አንድ ስስ ልባስ ከተዘረጋ ብርጭቆው ንጹሕ ነው። እንደ ጤዛ ነጠብጣብ እየሆነ ከተለያየ ስብ ወይም ቅሪት አለበት። ወደ ሳሙናው ይመለስ።

ደረጃ 5፦ ኦቨን፣ ዋናው ሥራ

ከዚህ በኋላ ጓንት አድርጉ። አዲስ ጓንት። በር የከፈታችሁበት፣ ስልክ ያነሣችሁበት ጓንት ከባዶ እጅ አይሻልም።

ዕቃው በደንብ ይንጠፍጠፍና ይድረቅ። አፉን በአልሙኒየም ፎይል ሸፍኑት፣ ወደ ታችም ጥቂት ሴንቲሜትር ይውረድ። ፎይሉ ብርጭቆውን ለመጋገር ብቻ አይደለም፤ ከወጣ በኋላ የሚጠብቀው እሱ ነው። ወረቀትና ጥጥ አትጠቀሙ፣ በዚህ ሙቀት ያራል። ፒፔቶችን በፎይል ጠቅልላችሁ ጫፋቸው የትኛው እንደሆነ ምልክት አድርጉ።

ዕቃውን ቀዝቃዛ ኦቨን ውስጥ ደርድሩ። አይነካኩ፣ አየር በመካከላቸው ይለፍ። ከዚያ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፦ 240 ዲግሪ ለ4 ሰዓት፣ ወይም ኦቨናችሁ እዚያ የማይደርስ ከሆነ 180 ዲግሪ ለ8 ሰዓትና ከዚያ በላይ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ማብሪያውን ከተጫናችሁበት አይደለም። ውስጡ ዲግሪውን ከደረሰበት ነው። የኦቨኑን ቁጥር ብቻ አትመኑ። በላይኛው ቀዳዳ ሌላ ቴርሞሜትር አስገብታችሁ አንድ ጊዜ አመሳክሩ፤ የቆየ ኦቨን 200 እያለ 170 ሊሆን ይችላል።

መብራት ከሄደስ? እዚህ ብዙ ሰው ይስታል። ሁለት ሰዓት ሠርቶ ጠፍቶ ሲመለስ ሁለት ሰዓት መጨመር አይበቃም። ምን ያህል እንደቀዘቀዘ አታውቁም። ቆጠራውን ከመጀመሪያው ጀምሩ። እኔ ይህ ስላሰለቸኝ ኦቨኑን ማታ ነበር የምጭነው፤ ጠዋት ስገባ ግን ያልተቋረጠ መሆኑን የማይበት መንገድ አስፈለገኝ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሲቋረጥ ወደ ዜሮ የሚመለስ የግድግዳ ሶኬት ዲጂታል ሰዓት ኦቨኑ መስመር ላይ ሰካሁ። ጠዋት ሰዓቱ ትክክል ከሆነ መብራት አልሄደም፣ ዜሮ እያለ የሚያበራ ከሆነ እንደገና እጋግራለሁ።

ሲያልቅ በሩን አትክፈቱ። አጥፉትና ከ60 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ተዉት። ጎንደር ጠዋት ብርድ ነው፤ 200 ዲግሪ የሆነ ብርጭቆ ላይ የጠዋት አየር ከገባበት ይሰነጠቃል። ቦሮሲሊኬትም ቢሆን ሁሉን አይችልም።

ደረጃ 6፦ ኦቨን ለማይገባው

ለሲሊንደርና ለቮሉሜትሪክ ፍላስክ የምመርጠው 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከ1 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤ ጋር ነው። ለአንድ ሊትር 4 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና 0.37 ግራም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ ማለት ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ወደ ውሃው ጥቂት በጥቂት ጨምሩ እንጂ ውሃውን በላዩ አታፍስሱ፤ ይሞቃል፣ ይፈናጠራል። መነጽርና ጓንት የግድ ነው። ዓይን ከገባ ለረጅም ጊዜ በሚፈስ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ሐኪም።

ዕቃውን ሞልታችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። አታሳድሩት፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብርጭቆን ቀስ በቀስ ይበላል። የብርጭቆ ክዳን ያለውን ደግሞ ክዳኑን ዘግታችሁ አትተዉት፣ ይጣበቅና አይከፈትም። ከዚያ ከአርኤንኤዝ ነፃ በሆነ ውሃ ብዙ ጊዜ አለቅልቁ። አልሙኒየም አይነካው። ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክንም ያበላሻል።

ለጄል ገንዳና ለማበጠሪያው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጥሩ ነው፣ ፋርማሲ ይገኛል፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን መቶኛ ግን አንብቡ። በሳሙና አጥባችሁ፣ ፐርኦክሳይዱን ሞልታችሁ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ።

በረኪናም ይሠራል። የሱቁ በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ነው። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ። ግን ከአሲድ ጋር፣ ከአሞኒያ ጋር፣ ከኪቱ ውስጥ ካለው የጓኒዲን ቡፈር ጋር በጭራሽ አይገናኝ! ሁሉም መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። የኪት ቆሻሻ በተደፋበት ባልዲ ላይ በረኪና የሚያፈስ ሰው አይቻለሁ። ልቤ ነው የቆመው።

ውሃው ራሱ

የተጋገረ ጠርሙስ ላይ ያልተጣራ ውሃ ብትሞሉበት ምን ሠራችሁ? ለአርኤንኤ የሚሆን ውሃ አርኤንኤዝን በሚያከሽፍ ዲኢፒሲ በሚባል ኬሚካል ይዘጋጃል። በአንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ 1 ሚሊ ሊትር፣ በደንብ ተንጦ 37 ዲግሪ ላይ ያድራል፣ ጠዋት ኦቶክሌቭ ይገባል። ኦቶክሌቩ ዲኢፒሲውን ወደ ኤታኖልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበትነዋል። እዚህ ላይ ከላይ ያልኩት የከፍታ ጉዳይ ይመለሳል፤ ያልተበተነ ቅሪት አርኤንኤውን ራሱን ይነካዋልና ሰዓቱን አታሳጥሩ። ዲኢፒሲ መርዛማ ነው፣ የጭስ መሳቢያ ሥር ብቻ ይከፈት። ትሪስ የሚባል ኬሚካል ባለበት ቡፈር ላይ ደግሞ አይጨመርም። ትሪስ ራሱ ስለሚበላው ለኢንዛይሙ የሚተርፍ የለም። ለትሪስ ቡፈር በታከመ ውሃ ላይ አዲስ ዱቄት መበጥበጥ ነው መንገዱ።

የማይሠሩ ነገሮች

አልኮል። ከኮሮና ወዲህ 70 በመቶ አልኮል ሁሉን የሚያጸዳ ይመስለናል። ብዙ ጀርም ይገድላል፣ አርኤንኤዝን ግን አያፈርስም። ጠረጴዛ ብትወለውሉበት ኢንዛይሙን ከቦታ ቦታ ማዛወር ነው።

የዩቪ መብራት። ጥላ ያለበት ቦታ አይደርስም፣ አርኤንኤዝን ለማፍረስም አይታመንም።

ክሮሚክ አሲድ። የድሮ ሰዎች ይወዱት ነበር፣ ብርጭቆም ያበራል። ግን ክሮሚየም ስድስት ካንሰር ያመጣል፣ ብርጭቆ ላይ የሚቀረው ክሮሚየም ደግሞ በኋላ የምትለኩትን ኢንዛይም ያግዳል። ቆሻሻውን የምትደፉበትም የላችሁም። ተዉት።

ማስቀመጥ

ፎይሉን አታንሡ። ላዩ ላይ «አርኤንኤ ብቻ» የሚልና የተጋገረበትን ቀን ጻፉ። በር ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ በበጋ ነፋስ የሚገባው አቧራ ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ የተከፈተ ዕቃ ባትጠቀሙበትም ወደ ኦቨኑ ይመለሳል። ከዕቃው ጋር የሚሠራ ሁሉ ደንቡን ካላወቀ ግን ምንም ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ሳጥኑ ላይ በአማርኛ ለጥፉት። ከሁሉ በፊት ደንቡን ማወቅ ያለባቸው የሚያጥቡት ሰዎች ናቸው።

ደረጃ 7፦ ፈትሹት

ለአሚሌዝ ፈተናው በጣም ቀላል ነው። ጥቂት የስታርች ውሃ ዕቃው ውስጥ ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ሞቅ ያለ ቦታ አቆዩት፣ ከዚያ አዮዲን ጠብ አድርጉ። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ አሚሌዝ የለም። ቀለሙ ቡኒ ወይም ቢጫ ሆኖ ከቀረ ስታርቹ ተበልቷል። በንጹሕ ዕቃ የተሠራ ማነጻጸሪያ ጎን ለጎን ይኑር።

ፕሮቲን ቆራጭ ካለ የምታውቁት በአሮጌ ጥቁር የኤክስሬይ ፊልም ነው። ፊልሙን የሸፈነው ጄላቲን ነው። ዕቃውን በጥቂት ቡፈር አለቅልቃችሁ ያንን ፈሳሽ አንድ ጠብታ ፊልሙ ላይ አድርጉ፣ እንዳይደርቅ ሸፍናችሁ 37 ዲግሪ ላይ አቆዩት፣ ከዚያ በውሃ እጠቡት። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ከሆነ ጄላቲኑ ተቆርጧል።

ለአርኤንኤዝ ደግሞ ዕቃውን በትንሽ ንጹሕ ውሃ፣ 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ ግድግዳውን ሁሉ እያዳረሳችሁ አለቅልቁ። ከዚያ ፈሳሽ ላይ ወስዳችሁ ጥሩ መሆኑን ከምታውቁት 1 ማይክሮግራም አርኤንኤ ጋር ቀላቅሉ፣ 37 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት አቆዩት። ጎን ለጎን ሁለት ማነጻጸሪያ፦ አንዱ በንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ሌላው እጅግ ጥቂት አርኤንኤዝ የተጨመረበት። ሦስቱንም 1 በመቶ የአጋሮዝ ጄል ላይ አሂዱ። 28ኤስና 18ኤስ የሚባሉት የአርኤንኤ መስመሮች ሁለቱም ጥርት ብለው፣ ላይኛው ከታችኛው እጥፍ ገደማ ደምቆ ከታየ ዕቃው ንጹሕ ነው። ጭስ ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ይመለስ። አርኤንኤዝ የጨመራችሁበትን ቲዩብ ግን በሌላ ጠረጴዛ፣ በሌላ ፒፔት ሥሩት።

ያቺን ሲሊንደር በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሁለት ጊዜ አከምኳት። ከመጀመሪያው በኋላ ፈተናው ላይ አሁንም ደብዛዛ ጭስ ነበረ። ከሁለተኛው በኋላ ሁለቱም መስመሮች ወጡ። እንዲያም ሆኖ ወደ አርኤንኤ ሳጥኑ አልመለስኳትም፤ ወገቧ ላይ ቀይ ፕላስተር አድርጌ «ፕላዝሚድ» ብዬ ጻፍኩባትና ሌላኛው ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት።